ጥርጣሬን በር ላይ የሚያስቀር ቤት

ከሆሊውድ ግርግር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ፍራንክሊን ጎዳና ላይ፣ ኮረብታውን ተደግፎ የቆመ አሮጌ ቤት አለ። ሹል ጣሪያና ማማ ያለው ይህ ቤት ማታ መብራቱ ሲበራ ከልጆች ተረት መጽሐፍ ተቀድዶ የወጣ ሥዕል ይመስላል። ከታች ቱሪስቶች የፊልም ተዋንያን ስም በተጻፈበት የእግረኛ መንገድ ላይ እየተጋፉ ፎቶ ይነሳሉ። ከላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሱፍና ከረባት፣ ረጅም ቀሚስ፣ የተወለወለ ጫማ የለበሱ እንግዶች አንድ በአንድ ወደ በሩ ይጠጋሉ። ቦታው ማጂክ ካስል ይባላል። የምትሃት ሰዎች ክበብ ነው።

ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1909 ያሠራው ሮሊን ሌን የተባለ በባንክና በመሬት ሥራ የተሰማራ ባለሀብት ነበር። ዘመናት አልፈው ቤቱ ሲጎሳቆል፣ ሚልት ላርሰን የተባለ የቴሌቪዥን ጸሐፊ ከቢሮው መስኮት ሆኖ እያየ ይመኘው ጀመር። የሚልት አባት ዊልያም ላርሰን ጠበቃም ምትሃተኛም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የምትሃት ጥበባት አካዳሚ የተባለውን ማኅበር የመሠረቱት እርሳቸው ናቸው። ልጅየው የአባቱን ማኅበር ቤት ሊሰጠው ፈለገ። አሮጌውን ቤት ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ ተረከበ፣ አደሰ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1963 በሩን ከፈተ። ሚልት ላርሰን በ2023 እስኪያርፍ ድረስ ስሙ ከቤቱ ስም ተነጥሎ አልተጠራም።

ስትገቡ የምታገኙት ትንሽ ክፍል ነው፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ እንጂ ሌላ በር አይታይም። መደርደሪያው ላይ አንድ የወርቅ ቀለም ያለው ጉጉት ተቀምጧል። እንግዳው ወደ ጉጉቱ ጠጋ ብሎ «ሰሊጥ ሆይ፣ ተከፈት» ማለት አለበት። ያን ጊዜ መደርደሪያው ይንሸራተትና መንገድ ይሰጣል። ሰሊጥን ከሁመራ ጋር ብቻ ለሚያውቅ ሰው የበር ቁልፍ ሆኖ ማግኘቱ ፈገግ ያሰኛል። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ማንም ያልተቀመጠበት ፒያኖ ይጫወታል። ተጫዋቿ ኢርማ የምትባል የቤቱ «መንፈስ» ናት ይሏችኋል፤ ዘፈን ብትጠይቋት ትጫወትላችኋለች።

ይህ ሁሉ መዝናኛ ነው። እኛን ኮረብታውን ያስወጣን ግን ከዚህ ጠለቅ ያለ ጉዳይ ነበር።

«እጅህን ክፈተው!»

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሎስ አንጀለስ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ላይ እንግሊዝኛው አልፈታ ብሎት በክፍሉ ውስጥ ዝም ብሎ ይውል ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከዩቲዩብ የሳንቲም ምትሃት ተማረ። ብዙ ቃል የማይጠይቅ ነገር በማግኘቱ ደስ አለው። ጣቱ እስኪላጥ ተለማመደ፤ የካርታ ጥቅል ከትራሱ ሥር አይጠፋም።

ችግሩ የመጣው ለሰው ሲያሳይ ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ገና ሳንቲሙን ሲያወጣ ዓይናቸውን እጁ ላይ ይተክላሉ። «ሌላኛው እጅህ ውስጥ ነው!» ይላል አንዱ። «እጅጌህን ሰብስብ!» ይላል ሌላው። አንድ ቀን አንዱ አንጓውን ጨብጦ ጣቶቹን በግድ ፈልቅቆ ሳንቲሙን አወጣበት፤ ጠረጴዛው በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ምሳውን ለብቻው መብላት እንደጀመረ እናቱ የነገረችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

ማጂክ ካስል ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 20 ለሆነ ወጣቶች የራሱ ማኅበር አለው። ወደዚያ የሚገባው በችሎታ ፈተና ነው። ልጁ ቅጹን ሞልቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል። «ሕፃናት እንኳን የሚይዙኝን ምትሃት እነርሱ ፊት እንዴት አቀርበዋለሁ፣ ጋሼ?» አለኝ። የእህቴ የሥራ ባልደረባ የማኅበሩን አባል ስለምታውቅ የግብዣ ወረቀት ተገኘልን። የማታው ዝግጅት ከ21 ዓመት በታች ላሉ አይፈቀድም፤ ልጆች የሚገቡት በሰንበቶቹ ረፋድ ላይ ነው። እሁድ የቤተ ክርስቲያን ቀን ስለሆነ ቅዳሜን መረጥን።

ጉልበት ለጉልበት

በቤቱ ውስጥ ሦስት ዋና ዋና የትርዒት ክፍሎች አሉ። ትልቁ መድረክና መጋረጃ ያለው ነው። መካከለኛው እንደ ሳሎን ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ያንሳል፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈ ወፍራም ጨርቅ፣ ዙሪያውን ጥቂት ወንበሮች። የፊተኛው ረድፍ ተመልካች እጁን ቢዘረጋ የምትሃተኛውን ካርታ ይነካል። «የቅርብ ምትሃት» የሚባለው ይህ ነው። መጋረጃ የለ፣ ጭስ የለ፣ የመድረክ ሥር ጉድጓድ የለ። ሳንቲም፣ ካርታ፣ ቀለበት፣ ስኒ፣ አሥር ጣት።

ያን ቀን የቀረበችው በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ሴት ነበረች። እጅጌዋን ቀድማ ሰብስባ ነበር፤ «እዩ፣ እጅጌዬ ውስጥ ምንም የለም» ግን አላለችም። «ይህ ተራ ካርታ ነው» ብላም አልጀመረችም። ስለ እናቷ የገንዘብ ቦርሳ ታወራን ጀመር። እያወራች ሳንቲሞች ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ አራቱ ሦስት ይሆናሉ፣ ሦስቱ ሁለት። ሰው ሁሉ የሚያየው ፊቷን ነው። የእህቴ ልጅ እንኳን፣ ያ ሁሉ ልምምድ ያለው፣ እጇን ማየት እንዳለበት ያስታወሰው ሳንቲሞቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው።

ትርዒቱ ሲያበቃ ኮሪደር ላይ ጠበቅናት። ልጁ ጥያቄውን በአንድ ትንፋሽ ተነፈሰው፤ «ሰዎች ገና ሳልጀምር ይጠረጥሩኛል። ምን ላድርግ?»

«አሳየኝ» አለችው።

ሳንቲሙን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ «አሻገረ»። ግራ እጁን ከፈተ፤ ባዶ ነው። ጥሩ ሠርቶታል። ሴትዮዋ ግን አላጨበጨበችም። «ሳንቲሙን ከቀኝ ወደ ግራ ለምን አዛወርከው?» ብላ ጠየቀችው።

«ምትሃቱ እንደዚያ ስለሆነ ነዋ።»

«እሱ የአንተ ምክንያት ነው። የእኔስ? እኔ ተመልካቿ፣ ሰው ያለ ምክንያት ሳንቲም ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ሲያዛውር አይቼ አላውቅም። ያለ ምክንያት ስታዛውረው ነው የጠረጠርኩህ።»

ከዚያ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ በስተቀኙ አስቀመጠችለት። «አሁን እስክሪብቶውን ማንሳት ያስፈልግሃል። ቀኝ እጅህ ደግሞ ሳንቲም ይዟል። ምን ታደርጋለህ?» ልጁ ሳያስበው ሳንቲሙን ወደ ግራ እጁ አዛወረና እስክሪብቶውን አነሳ። ሳቅ አለች። «አየህ? ማንም አይጠረጥርህም። ሥራ ላይ ነህ።»

የስፔኑ የምትሃት ሊቅ አርቱሮ ዴ አስካኒዮ ይህንን ሐሳብ በሰፊው አስተምሮታል። ምስጢሩ የሚሠራበት እንቅስቃሴ ዋናው ጉዳይ መሆን የለበትም፤ ወደ ሌላ ጉዳይ መሄጃ መሆን አለበት። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢያያችሁ ትጠይቃላችሁ፤ በበሩ አልፎ ወደ ቢሮው ቢገባ ግን ዘወር ብላችሁም አታዩትም።

በሶፋ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ

ቤቱ በተከፈተበት በ1963 ዴይ ቬርነን የተባሉ ካናዳዊ ወደ ሎስ አንጀለስ መጡ። በ1894 በኦታዋ የተወለዱ ሲሆን ያን ጊዜ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግተው ነበር። ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ እርሳቸው እዚህ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሁለተኛ ዕድሜ ኖሩ። ወጣቶች ከየአገሩ እየመጡ እግራቸው ሥር ተቀመጡ። «ፕሮፌሰሩ» ይሏቸው ነበር። በ1992 በ98 ዓመታቸው አረፉ።

የእኚህ ሰው ዝና የሚጀምረው ከሃሪ ሁዲኒ ነው። ሁዲኒ በዘመኑ በዓለም ላይ ስሙ የገነነ ምትሃተኛ ነበር፤ ማንኛውንም ምትሃት ሦስት ጊዜ ካሳዩት ምስጢሩን እንደሚደርስበት ይፎክር ነበር። በ1922 ቺካጎ ውስጥ ወጣቱ ቬርነን ካርታ አስፈረሙት። የፈረመበትን ካርታ ከላይ ሁለተኛ አድርገው አስገቡት፤ ካርታው ግን ከላይ ተገኘ። ሁዲኒ ይደገም አለ። ተደገመ። እንደገና፣ እንደገና። የሁዲኒ ዓይን የሠለጠነ ዓይን ነበር፤ ጥርጣሬውም ሙሉ ነበር። ሆኖም የሚይዘው ነገር አጣ።

ቬርነን በኋላ ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ ደጋግመው የሚሉት ነገር ቢኖር ተፈጥሯዊ ሁኑ የሚል ነው። ካርታ ስታነሱ ካርታ እንደሚያነሳ ሰው አንሱ። እጃችሁ ባዶ ሲሆን እንዴት እንደምታሳርፉት አስተውሉ፤ ሳንቲም ሲደበቅበትም እንደዚያው አሳርፉት።

ይህን የተማሩት ከምትሃተኞች ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 ኤስ ደብልዩ ኤርድኔዝ በሚል የብዕር ስም አንድ የካርታ መጽሐፍ ታትሞ ነበር፤ የደራሲው ማንነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። መጽሐፉ የቁማር አጭበርባሪዎችን ስልት ይዘረዝራል። ቬርነን ይህን መጽሐፍ ዕድሜ ልካቸውን አጠኑት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከጥቅሉ መካከል ካርታ ማደል ይችላል የተባለ ቁማርተኛ ለማግኘት ተንከራተው በሚዙሪ ግዛት በምትገኝ ትንሽ ከተማ አለን ኬኔዲ የተባለውን ሰው አገኙት።

ለምን ቁማርተኛ? ምትሃተኛ ቢጠረጠር ጭብጨባው ይቀንሳል። አጭበርባሪ ቁማርተኛ ቢጠረጠር ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቁማርተኛው እጁን አያወናጭፍም፣ ጣቱን አያንቀጠቅጥም፣ «እዩኝ» አይልም። ቬርነን የወሰዱት ይህን ጸጥታ ነው፤ ሌብነቱን ትተው ጸጥታውን።

እጅ ከዓይን አይፈጥንም

ብዙ ሰው ምትሃት የፍጥነት ሥራ ይመስለዋል። አርጀንቲናዊው ሬኔ ላቫንድ ይህንን እምነት በአንድ እጁ አፍርሶታል። በዘጠኝ ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ቀኝ እጁን አጣ። በቀረው ግራ እጁ የዓለም ታላቅ የካርታ ምትሃተኛ ሆነ፤ በ2015 እስኪያርፍ ድረስ የሚታወቀውም በፍጥነት ሳይሆን በዝግታ ነበር። ያንኑ ነገር ይበልጥ ቀስ እያለ፣ ይበልጥ ቀስ እያለ ይደግመዋል፤ ቀስ ባለ ቁጥር ተመልካቹ ይበልጥ ይገረማል። ጥድፊያ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ጠባይ ነውና።

ዓይንን የሚመራውም ዓይን ነው። ጉስታቭ ኩን የተባለ ምትሃተኛም የሥነ ልቦና ተመራማሪም የሆነ ሰው ከማይክል ላንድ ጋር በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ ምትሃተኛው ኳስ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ሦስተኛውን የሚወረውር ይመስላል እንጂ ኳሱ ከእጁ አይወጣም። ዓይኑን ወደ ላይ ሲልክ አብዛኞቹ ተመልካቾች ኳሱ ሲወጣ «አየን» አሉ። እጁን እያየ ሲሠራው ግን የተታለለው ሰው ቁጥር ቀነሰ። የሚገርመው ብዙዎቹ ኳሱን ሲከታተሉ እንደነበር ቢናገሩም የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲለካ ያዩት የነበረው የሰውየውን ፊት ነው። የእህቴ ልጅ ባዶ በሆነው እጁ ፈንታ ሳንቲም የደበቀበትን እጁን በስርቆት ያይ ነበር። ተመልካቾቹን ወደ ምስጢሩ የሚመራቸው ራሱ ነበር ማለት ነው።

አፍም ያጋልጣል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንደሚባለው፣ ማንም ሳይጠይቅ «ይህ ተራ ሳንቲም ነው፣ እጄ ባዶ ነው» ማለት ጥርጣሬን ከተኛበት መቀስቀስ ነው። ተመልካቹ እጃችሁ ባዶ መሆኑን ራሱ ይየው። በንግግር መካከል እጃችሁ ሲዘረጋ፣ ስኒ ሲያቀብል፣ ጠረጴዛ ሲያስተካክል ይየው። ራሱ ያገኘውን አይጠራጠርም፤ በግድ የተነገረውን ግን ይመረምራል።

ጊዜም አለው። በጣሊያን ተወልዶ በኋላ በአሜሪካ የኖረው ቶኒ ስላይዲኒ የሰውነትን መወጠርና መላላት አጥንቶ ነበር። ምትሃተኛው ወደ ፊት ሲያዘነብል ተመልካቹ ይነቃል፤ ወደ ኋላ ደገፍ ሲል፣ ሳቅ ሲመጣ፣ አንድ ነገር ያለቀ ሲመስል ተመልካቹም ይላላል። ሥራው የሚሠራው ያን ጊዜ ነው።

የማድሪዱ ኹዋን ታማሪዝ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ። ተመልካች በልቡ የሚገምታቸውን የተሳሳቱ መፍትሔዎች ሁሉ፣ አፉን ከፍቶ ከመናገሩ በፊት፣ አንድ በአንድ ዝጉበት ይላል። «ሌላኛው እጅህ ውስጥ ነው» እንደሚል ካወቅህ፣ እሱ ከማሰቡ በፊት ሌላኛው እጅህ ለሌላ ሥራ ተዘርግቶ ይታይ። መንገዶቹ ሁሉ ሲዘጉ የሚቀረው መገረም ብቻ ነው።

የእማዬ ጥርጣሬ

ቤት ስንመለስ ሌላ ዓይነት ጥርጣሬ ይጠብቀን ነበር። እናቴ ከእህቴ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ የልጅ ልጇን የካርታ ፍቅር በደስታ አላየችውም። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከፈጣሪ ጋር አያጣላንም?» አለችኝ። ይህ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ስለሆነ በቀልድ ማለፍ አልፈለግሁም።

በቋንቋችን አስማትና ምትሃት ይቀላቀላሉ። አስማት ስንል ድግምትን፣ ጠልሰምን፣ በመንፈስ የሚሠራን ነገር እናስባለን። ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም የሚሰውረው ሰው ግን የሚጠራው መንፈስ የለውም፤ ያለው ልምምድ ነው። ይህን መለየት በሌላው ዓለምም ዋጋ ያስከፈለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1584 እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት ሰዎች ጠንቋይ ናችሁ ተብለው በሚገደሉበት ዘመን አንድ መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ የሳንቲምና የኳስ ምትሃቶችን አሠራር ዘርዝሮ፣ ይህ የእጅ ብልሃት እንጂ የሰይጣን ሥራ አይደለም ሲል አስረዳ። ሁዲኒም በ1920ዎቹ የሙታን መንፈስ እናነጋግራለን እያሉ ከሐዘንተኛ ገንዘብ የሚሰበስቡትን ሲያጋልጥ ኖሯል።

እናቴ ግን በቀላሉ አትረታም። «እሺ፣ መንፈስ የለበትም እንበል። ማታለልስ አይደለም? መናኸሪያ ላይ በሦስት ካርታ የገጠሬውን ገንዘብ የሚበሉትስ?» አለች።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እጁ አንድ ነው፤ ብልሃቱም አንድ ነው። የደች ሠዓሊው ሄሮኒመስ ቦሽ በሠራው አለዚያም በእርሱ መንገድ በተሠራው ዝነኛ ሥዕል ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ የስኒና የኳስ ምትሃት ሲያይ ከኋላው የቆመው ደግሞ ቦርሳውን ይወስድበታል። ልዩነቱ ያለው በስምምነቱ ላይ ነው። ምትሃተኛው «ላታልላችሁ ነው» ብሎ ይነግራችኋል፤ ተስማምታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ሲያበቃ ቀለበታችሁም ሳንቲማችሁም ይመለሳል። የመናኸሪያው ሰው ግን ጨዋታ ነው ብሎ ገንዘባችሁን ይዞ ይሄዳል። ምትሃተኛ በተመልካቹ ፊት ጥርጣሬን የሚያርቀው ተመልካቹን ለመዝረፍ ሳይሆን፣ ለጥቂት ደቂቃ በሰላም እንዲገረም ነው።

የነጠላው ጫፍ

ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል አንድም ምትሃት አልሠራም። ሴትዮዋ የሰጠችውን የቤት ሥራ ነበር የሚሠራው። መስታወት ፊት ቆሞ ሳንቲሙን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ እውነት ያዛውራል፣ እስክሪብቶ ያነሳል። መቶ ጊዜ እውነቱን። ከዚያ አንድ ጊዜ ሐሰቱን። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ እንደገና መቶ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈላ። ስኒዎቹ ረከቦት ላይ ተደርድረዋል። ልጁ «እማማ፣ ሳንቲም አለሽ?» አላት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው አንድ ብር ሳንቲም እዚያ ነበር። ልጁ ተቀበለ። ስኒዋን ሊያቀርብላት ቀኝ እጁ ያስፈልገው ነበርና ሳንቲሙን ወደ ግራ እጁ አዛወረ፤ ስኒውን ገልብጦ ፊቷ አኖረው። ስለ ቅዳሴው ጠየቃት። መለሰችለት። ሳቀች። ከዚያ ግራ እጁን ቀስ ብሎ ከፈተ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እዚህ ነበር!» አለች። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ በዓይኑ ስኒውን አሳያት። ራሷ አነሳችው። ብሯ ከሥሩ ነበረች። እናቴ ሳንቲሟን መልሳ ቋጠረች፤ ቋጠሮውንም ሁለት ጊዜ አጠበቀችው። ከዚያ «ለዚያ ለፈተናው ምን ለብሰህ ነው የምትሄደው?» ብላ ጠየቀችው።

የስኒና የኳስ ምትሃት ከተመዘገቡት ሁሉ አሮጌዎች አንዱ ነው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው ደብዳቤ ጠቅሶታል፤ ደስታው መታለሉ ላይ እንደሆነ፣ አሠራሩን ካወቀው ግን ስሜቱ እንደሚጠፋ ተናግሯል። እጀታ የሌላቸው የእኛ የቡና ስኒዎች ደግሞ ለዚህ ሥራ የተሠሩ ይመስላሉ።

ልጁ በትምህርት ቤት አሁንም የሚፈልቅቅ እጅ አይጠፋበትም። ልዩነቱ፣ እንደነገረኝ ከሆነ፣ ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ አንጓውን ከመያዝ ፈንታ የራሱን መዳፍ ዘርግቶ «እኔ እጅ ላይ ሥራው» ማለቱ ነው። የፈተናው ቀን ገና ነው። ቅጹ ግን ከመሳቢያው ወጥቷል።

ለመሄድ ለምታስቡ

ማጂክ ካስል ሕዝብ ሁሉ ትኬት ቆርጦ የሚገባበት ቤት አይደለም። የአባል ግብዣ ያስፈልጋል፤ ሌላው መንገድ አጠገቡ ባለው ሆቴል ማደር ነው፤ የሆቴሉ እንግዶች ቦታ ሊያዝላቸው ይችላል። የአለባበስ ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ለወንድ ኮትና ከረባት፣ ለሴትም የክብር ልብስ። ጅንስና ስኒከር በር ላይ ይመልሳል። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የረፋዱን መርሐ ግብር ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ በመኪና ከአሥር ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሊትል ኢትዮጵያ አለ። የከተማው ምክር ቤት ስያሜውን የሰጠው በ2002 ነው። ከትርዒት በኋላ እንጀራና ቡና የሚገኝበት ነው፤ ቡናው እስኪደርስ ልጆች ያዩትን ለመሞከር ስኒ አይጠፋም።

ቤት ውስጥ ለሚጀምር ልጅ

ልጃችሁ ምትሃት ከጀመረ አምስት ነገሮች ይበቁታል። አንድ፣ እንቅስቃሴው ሁሉ ለተመልካቹ የሚታይ ምክንያት ይኑረው። ሁለት፣ ዓይኑ ምስጢሩን አያሳይ፤ ሰው እንዲያይለት የሚፈልገውን ራሱ ይመልከት። ሦስት፣ ያልተጠየቀውን አያስተባብል። አራት፣ ያንኑ ምትሃት በዚያው ሰዓት ለዚያው ሰው አይድገም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገረመ ሰው በሁለተኛው መርማሪ ይሆናል። አምስት፣ የተዋሰውን ይመልስ።

ለእናንተ ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር አለ። ልጁ ሳንቲም ይዞ ሲቀርብ እጁን ለመፈልቀቅ አትቸኩሉ። ፊቱን እዩት። እሱም ቢሆን የሚያየው የእናንተን ፊት ነው።